ስሙን አውቀን ጠባዩን ሳናውቅ፦ የፕሮግራሞች ውል አጭር ታሪክ

የመመረቂያ ፕሮጀክታችን በስልክ የአውቶቡስ ትኬት የሚያስቆርጥ መተግበሪያ ነበር። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ሁሉንም ከባዶ አልሠራነውም። ወንበር የሚይዝ አንድ አገልግሎት፣ ክፍያ የሚቀበል ሌላ አገልግሎት ኢንተርኔት ላይ ተዘጋጅቶ ስላገኘን፣ የእኛ ሥራ ሁለቱን ማገናኘት ነበር። የሁለቱንም መግለጫ በደንብ አነበብን። የትእዛዞቹን ስም በትክክል ጻፍን፤ ቁጥር በሚፈለግበት ቁጥር፣ ጽሑፍ በሚፈለግበት ጽሑፍ ላክን። ሳምንት ሙሉ ስንሞክረው ሠራ።

ፕሮጀክቱን ያቀረብን ቀን ከፈታኞቻችን አንዱ ስልኩን ተቀብለው ወንበር መረጡ። ከዚያ ቀና ብለው ጥያቄ ጠየቁን፤ ትንሽ ተወያየን። ተመልሰው «ክፈል» የሚለውን ሲነኩ ገንዘቡ ተቆረጠ፤ ትኬቱ ግን አልመጣም። ስክሪኑ ላይ ያቺ ትንሽ ክብ ትሽከረከራለች፣ ትሽከረከራለች፣ አትቆምም። ደግነቱ ገንዘቡ የመሞከሪያ ገንዘብ ነበር። እውነተኛ ቢሆንስ? አንድ ሰው ገንዘቡ ተወስዶበት፣ አውቶቡሱም ጥሎት ሄዶ መናኸሪያ ቆሞ ይቀር ነበር።

ችግሩን ያገኘነው በማግስቱ ነው። ወንበር የሚይዘው አገልግሎት ወንበሩን የሚይዘው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። ከክፍያ በኋላ «ትኬቱን ስጠኝ» ሲባል ሁለት ዓይነት መልስ አለው፦ «ይኸው ትኬቱ» ወይም «ጊዜው አልፏል»። እኛ ስንሞክረው ሁሌም ቶሎ ቶሎ ስለምንከፍል ሁለተኛውን መልስ አይተነው አናውቅም። ስለዚህ ፕሮግራማችን «ይኸው ትኬቱ» እስኪባል ይጠብቃል፤ አገልግሎቱ ደግሞ መልሱን ሰጥቶ ጨርሷልና አዲስ ጥያቄ ይጠብቃል። በር ላይ ተገናኝተው «ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» እየተባባሉ ሁለቱም ውጭ እንደሚቀሩ ሰዎች ማለት ነው።

ማን ነው ጥፋተኛው? አገልግሎቱ አልዋሸም። እኛም የተባልነውን ልከናል። ስሞቹም ዓይነቶቹም ገጥመዋል። ያልገጠመው ጠባያቸው ነው። እስቲ ዛሬ ይህን «ጠባይ» ወረቀት ላይ ለማስፈር፣ ብሎም ሁለት ፕሮግራሞች ከመገናኘታቸው በፊት ይግባቡ እንደሆነ በሒሳብ ለማረጋገጥ ስለደከሙ ሰዎች ላውጋችሁ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት ካፌዎች

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር አስቡ። አንዱ ካፌ ትገባላችሁ፣ ትቀመጣላችሁ፣ አስተናጋጇ ትመጣለች፣ ታዝዛላችሁ፣ ትጠቀማላችሁ፣ በመጨረሻ ትከፍላላችሁ። ሌላው ካፌ ደግሞ መጀመሪያ ካሸር ጋ ከፍላችሁ፣ ቲኬት ይዛችሁ ነው የምትቀመጡት። ሁለቱም ማኪያቶ ይሸጣሉ። ሁለቱም ገንዘብ ይቀበላሉ። የሁለቱን ካፌዎች አገልግሎት በዝርዝር ብትጽፉ አንድ ዓይነት ነው የሚሆነው።

የመጀመሪያውን የለመደ ሰው ሁለተኛው ጋ ቢገባ ግን ምን ይሆናል? ቁጭ ብሎ አስተናጋጅ ይጠብቃል፤ አስተናጋጇ ደግሞ ቲኬት ትጠብቃለች። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ማኪያቶው ግን አይመጣም። ሰው ስለሆነ ትንሽ ቆይቶ ዙሪያውን ያይና «ለካ እዚህ ቀድሞ ነው የሚከፈለው!» ብሎ ይነሳል። ፕሮግራም ግን ዙሪያውን አያይም። ካልተነገረው ቀኑን ሙሉ ቁጭ ይላል።

ይህን ምሳሌ ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

ፕሮግራም ቃል ሲገባ

የውል ታሪክ የሚጀምረው ኢንተርኔት የሚባል ነገር ለሕዝብ ከመዳረሱ በፊት ነው። በ1967 አሜሪካዊው ሮበርት ፍሎይድ ለፕሮግራሞች እንዴት ሒሳባዊ ትርጉም መስጠት እንደሚቻል የሚያሳይ ጥናት አወጣ። በ1969 ደግሞ እንግሊዛዊው ቶኒ ሆር ሐሳቡን ወስዶ ጥርት አድርጎ አቀረበው። የሚገርማችሁ ሆር ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተማረው የጥንቶቹን ግሪክና ላቲን ከፍልስፍና ጋር ነው። ምናልባትም ለዚህ ይሆናል ፕሮግራምን እንደ አንድ የሙግት ዓረፍተ ነገር ያየው።

ሐሳቡ ቀላል ነው። እያንዳንዱ የፕሮግራም ቁራጭ ሁለት ነገር ይጻፍለት፦ ከመጀመሩ በፊት እውነት መሆን ያለበት ነገር፣ ማለትም ቅድመ ሁኔታ፤ ሲጨርስ እውነት የሚሆነው ነገር፣ ማለትም ድህረ ሁኔታ። ለምሳሌ የአንድን ቁጥር ስኩዌር ሩት የሚያወጣ ፕሮግራም «ከዜሮ ያላነሰ ቁጥር ስጡኝና፣ ከራሱ ጋር ሲባዛ የሰጣችሁኝን የሚሆን ቁጥር እሰጣችኋለሁ» ይላል። ኔጌቲቭ ቁጥር ከሰጣችሁት ጥፋቱ የእናንተ ነው። ትክክለኛ ቁጥር ሰጥታችሁት የተሳሳተ መልስ ካመጣ ጥፋቱ የሱ ነው።

ይህ ነገር ምን ይመስላል? ውል አይመስልም? በ1980ዎቹ አጋማሽ ፈረንሳዊው በርትራንድ ሜየር ይህንኑ አየ። ኤፌል ብሎ በሰየመው የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ ቅድመ ሁኔታና ድህረ ሁኔታ የቋንቋው አካል ሆነው እንዲጻፉ አደረገ፤ አሠራሩንም «በውል መንደፍ» አለው። ቤት ሲከራይ አከራይም ተከራይም ግዴታና መብት እንዳላቸው ሁሉ፣ ጠሪውና ተጠሪው ፕሮግራምም እንዲሁ። የአንዱ ግዴታ የሌላው መብት ነው።

የአንድ ሮኬት ትምህርት

ውል አለመጻፍ ምን ያስከፍላል? ጁን 4 ቀን 1996፣ የአውሮፓ አዲሱ ሮኬት አሪያን 5 በደቡብ አሜሪካ ከምትገኘው የፈረንሳይ ጉያና፣ ኩሩ ከሚባለው ማዕከል ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሣ። አራት የምርምር ሳተላይቶች ጭኗል። ከ40 ሰከንድ ገደማ በኋላ አቅጣጫውን ስቶ ተሰባበረ፤ ፈነዳም።

መርማሪዎቹ ያገኙት ምክንያት አስደናቂ ነው። ሮኬቱ ወዴት እንዳዘነበለና እንዴት እየተጓዘ እንደሆነ የሚለካው መሣሪያ ሶፍትዌሩን የወረሰው ከቀድሞው ሮኬት፣ ከአሪያን 4 ነበር። እዚያ በደንብ ሠርቷል። በውስጡ አንድ ባለ 64 ቢት ቁጥር ወደ ባለ 16 ቢት ቁጥር የሚቀየርበት ቦታ ነበር። ባለ 16 ቢቱ ሊይዝ የሚችለው ትልቁ ቁጥር 32,767 ነው። አሪያን 4 ላይ ቁጥሩ እዚያ አይደርስም። አሪያን 5 ግን ወደ ጎን የሚጓዝበት ፍጥነት ከፍተኛ ነው፤ ቁጥሩ ሞልቶ ፈሰሰ። መሣሪያው ሥራውን አቆመ። መጠባበቂያው መሣሪያስ? እሱም ያንኑ ሶፍትዌር ነበር የሚያሄደው፤ እሱም በዚያው ምክንያት ቆመ።

አሁን ልብ በሉ። መሣሪያው ሲቆም ዝም አላለም፤ «ተበላሽቻለሁ» የሚል የምርመራ መረጃ ለዋናው ኮምፒውተር ላከ። ዋናው ኮምፒውተር ግን እንዲህ ዓይነት መልእክት ይመጣብኛል ብሎ አልተዘጋጀም። መልእክቱን እንደ ተራ የበረራ መረጃ አነበበው። ሮኬቱ በእውነት አቅጣጫ የሳተ መሰለውና ሊያስተካክል ብሎ የሞተሩን አፈሙዝ በኃይል አዞረው። ሮኬቱን የሰበረው ይህ ነው።

በ1997 ዣን ማርክ ዤዜኬልና ሜየር ስለዚህ አደጋ ጻፉ። የእነሱ ነጥብ፦ ሶፍትዌሩ በራሱ ስህተት አልነበረም፤ «ቁጥሩ ከዚህ በላይ ከሆነ አልሠራም» የሚለው ቅድመ ሁኔታ ግን ከሶፍትዌሩ ጋር አብሮ አልተጻፈም፤ ስለዚህ ዕቃው ወደ አዲስ ቤት ሲዛወር ውሉ አብሮት አልሄደም። ሁሉም ባለሙያ በዚህ አልተስማማም፤ ውል መጻፉ ብቻውን ሮኬቱን ያድነው ነበር ወይ የሚል ሙግት ተነሥቷል። ያም ሆኖ ለእኛ የሚጠቅመን ሁለት የተለያየ ጉድለት መታየቱ ነው። አንደኛው፣ አንድ ጥሪ ያልተጻፈ ቅድመ ሁኔታ ነበረው። ሁለተኛው፣ በሁለት መሣሪያዎች መካከል ባለ ንግግር ውስጥ አንዱ ሊል የሚችለውን ሌላው ለመስማት አልተዘጋጀም። የሜየር ውል በደንብ የሚይዘው አንደኛውን ነው። ሁለተኛው ሌላ ዓይነት ሒሳብ ይፈልጋል። የእኔ የአውቶቡስ ትኬትም ጉድለቱ ሁለተኛው ነበር፤ መጠኑ ቢለያይም።

ምርጫው የማን ነው?

ያ ሌላ ዓይነት ሒሳብ ግን ቀድሞም ተጀምሮ ነበር። በ1978 ቶኒ ሆር ራሱ፣ በ1980 ደግሞ በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሮቢን ሚልነር፣ እርስ በርስ መልእክት የሚለዋወጡ ፕሮግራሞችን እንደ አልጀብራ የሚጽፉበትን መንገድ አወጡ። በተራ አልጀብራ «ሀ ሲደመር ለ» እንደምንለው፣ በእነሱ አልጀብራ «መጀመሪያ ይህን ተቀበል፣ ከዚያ ያንን ላክ»፣ «ወይ ይህን ወይ ያንን»፣ «እነዚህ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሂዱ» ማለት ይቻላል። በነገራችን ላይ ሚልነር ዶክትሬት ዲግሪ አልነበረውም። የኮምፒውተር ሳይንስን ትልቁን ሽልማት፣ የቱሪንግ ሽልማትን፣ በ1991 ከመውሰድ ግን አላገደውም።

በዚህ መስክ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ምሳሌ አለ። ሳንቲም የሚቀበሉ ሁለት ማሽኖች አስቡ። የመጀመሪያው ማሽን ሳንቲም ስትከቱበት «ሻይ» እና «ቡና» የሚሉ ሁለት ቁልፎች ያበራል፤ የፈለጋችሁትን ትጫናላችሁ። ሁለተኛው ማሽን ሳንቲም ስትከቱበት በሆዱ ያስብና ወይ «ሻይ» የሚለውን ብቻ፣ ወይ «ቡና» የሚለውን ብቻ ያበራል። የሁለቱንም ማሽኖች ታሪክ መዝግቡ ብትባሉ፣ መዝገቡ አንድ ነው፦ ሳንቲም ከዚያ ሻይ፤ ሳንቲም ከዚያ ቡና። ለቡና ሱሰኛ ግን ሁለቱ ማሽኖች ሰማይና ምድር ናቸው። አንደኛው ጋ ምርጫው የደንበኛው ነው። ሁለተኛው ጋ ምርጫው የማሽኑ ነው፤ ቡና ፈልጋችሁ ሻይ ካበራ ሳንቲማችሁ ገባ፣ እናንተም ፈዛችሁ ቀራችሁ።

በምግብ ቤት ቋንቋ ልንገራችሁ። «ሽሮ፣ ተጋቢኖ፣ በያይነቱ አለ፤ ምን ይሁንላችሁ?» ሲባል ምርጫው የእናንተ ነው። አስተናጋጁ ወደ ኩሽና ገብቶ ተመልሶ «ተጋቢኖ አልቋል» ሲል ግን ምርጫው የኩሽናው ነበር። የመጀመሪያው ዓይነት ምርጫ ላይ አንዱን ማወቅ ይበቃችኋል። ሁለተኛው ላይ ግን ሊባል ለሚችለው ለእያንዳንዱ መልስ መዘጋጀት አለባችሁ። በ1984 ሮኮ ደ ኒኮላና ማቲው ሄነሲ ይህንን ልዩነት በጥሩ መሠረት ላይ አስቀመጡት፦ ሁለት ማሽኖች አንድ ናቸው የምንለው፣ ምንም ዓይነት ደንበኛ መጥቶ ሊለያቸው ካልቻለ ነው። ማሽንን የሚዳኘው ደንበኛው ነው ማለት ነው። ይህን ሐሳብ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይተን እንደገና እናገኘዋለን።

ስልክ ቁጥር ብቻ ያለው ማውጫ

ወደ 2000 እንምጣ። ኢንተርኔት ተስፋፍቷል፤ ኩባንያዎች ፕሮግራሞቻቸው በድር ላይ እርስ በርስ እንዲነጋገሩ ይፈልጋሉ። የአየር መንገዱ ፕሮግራም ከሆቴሉ ፕሮግራም፣ የሆቴሉ ከባንኩ። እንዲህ በድር ላይ በሌላ ፕሮግራም የሚጠራ ፕሮግራም የድር አገልግሎት ወይም ዌብ ሰርቪስ ተባለ። በ2000 ሶፕ የተባለ የመልእክት አላላክ ደንብ፣ በ2001 ዊዝደል የተባለ የአገልግሎት መግለጫ ቋንቋ ለዓለም ቀረበ። በሴፕቴምበር 2000 ደግሞ አይቢኤም፣ ማይክሮሶፍትና አሪባ ዩዲዲአይ የተባለ የጋራ መዝገብ አስታወቁ።

የመዝገቡ ሕልም ትልቅ ነበር። በወፍራሙ የስልክ ማውጫ ምሳሌ ነው የተሠራው፤ ቢጫ ገጽ፣ ነጭ ገጽ፣ አረንጓዴ ገጽ አለው። ፕሮግራማችሁ «የሆቴል ክፍል የሚይዝ አገልግሎት እፈልጋለሁ» ብሎ መዝገቡን ይፈልጋል፣ ያገኛል፣ ይገናኛል፣ በቃ። የሰው እጅ አያስፈልግም ማለት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እውን ሊሆን ነበር።

አልሆነም። አይቢኤም፣ ማይክሮሶፍትና ኤስኤፒ ለሕዝብ ክፍት የነበረውን መዝገብ በጃንዋሪ 2006 ዘጉት። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ ማንም ድርጅት የማያውቀውን ሰው ከማውጫ ላይ አንስቶ ገንዘቡን አይሰጥም። አንዱ ምክንያት ግን በቀጥታ የእኛን ጉዳይ ይነካል። ዊዝደል የሚነግራችሁ የትእዛዞቹን ስም፣ የሚገባውንና የሚወጣውን መልእክት ዓይነት፣ አድራሻውንም ነው። ቀድሞ ይከፈላል ወይስ በኋላ? መሰረዝ የሚቻለው እስከ መቼ ነው? «አልቋል» ሊል ይችላል? ይህን አይነግራችሁም። የካፌውን ስምና የሜኑውን ዝርዝር ይሰጣችኋል፤ ቲኬት ከየት እንደሚቆረጥ ግን ዝም ነው።

ጉድለቱ ያልታያቸው ሰዎች አልነበሩም። በ2002 ሒውሌት ፓካርድ የአገልግሎቶችን ንግግር ቅደም ተከተል የሚገልጽ ቋንቋ አቀረበ። በዚያው ዓመት አይቢኤም፣ ማይክሮሶፍትና ቢኢኤ ቢፐል የተባለውን አገልግሎቶችን የማቀናጃ ቋንቋ አወጡ። አሁን ጠባይን መጻፍ ተቻለ። የቀረው ጥያቄ ይህ ነው፦ ሁለት ጠባዮች ተጽፈው ፊት ለፊት ሲቀመጡ፣ ይግባባሉ ወይስ አይግባቡም ብሎ የሚፈርደው ማን ነው?

ውል ለውል ሲገናኝ

በ2006 በጣልያንና በፈረንሳይ የሚሠሩ አራት ተመራማሪዎች፣ ሳሙኤሌ ካርፒኔቲ፣ ጁሴፔ ካስታኛ፣ ኮዚሞ ላኔቬና ሉካ ፓዶቫኒ፣ የሚልነርንና የሆርን አልጀብራ አንስተው ለድር አገልግሎቶች ውል መጻፊያ አደረጉት። በ2008 ደግሞ ካስታኛና ፓዶቫኒ ከኒልስ ጌስበር ጋር ሆነው ሳን ፍራንሲስኮ በተካሄደ ጉባኤ ላይ ንድፈ ሐሳቡን አሳድገው አቀረቡ። ሦስት ጥያቄዎች መለሱ፤ አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው፦ ሁለት ውሎች መቼ ነው የሚግባቡት? መልሱ አጭር ነው። ደንበኛው ጉዳዩን ሳይጨርስ ሁለቱም ፈዘው የሚቀሩበት አንድም መንገድ ከሌለ፣ ተግባብተዋል። «አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል» አይበቃም። የእኔን ፕሮጀክት በዚህ መዝኑት። የአገልግሎቱ ውል «‹ትኬቱን ስጠኝ› እቀበላለሁ፤ ከዚያ በራሴ ውሳኔ ወይ ‹ይኸው ትኬቱ› ወይ ‹ጊዜው አልፏል› እላለሁ» ነው። የእኛ ውል «‹ትኬቱን ስጠኝ› እላለሁ፤ ከዚያ ‹ይኸው ትኬቱ› እቀበላለሁ» ነበር። ምርጫው የአገልግሎቱ ስለሆነ ለሁለቱም መዘጋጀት ነበረብን። ሁለቱን ውሎች የሚያነጻጽር ፕሮግራም ቢኖረን ገና ስልክ ላይ ሳይጫን «አይግባቡም» ይለን ነበር። ሳምንት ሙሉ ሞክረን ያላየነውን በሰከንድ ውስጥ ያየው ነበር፤ ምክንያቱም እሱ አይሞክርም፣ መንገዶቹን በሙሉ ይቆጥራል።

ሁለተኛው፦ የምፈልገውን አገልግሎት እንዴት ላግኝ? እዚህ ላይ የሚያምር ሐሳብ አለ። የደንበኛውን ውል ወስዳችሁ ገልብጡት፦ እሱ የሚልከውን ተቀበል፣ እሱ የሚቀበለውን ላክ። እንደ ቁልፍና ቀዳዳው። የሚወጣው ውል ይህን ደንበኛ ለማስደሰት የሚበቃው ትንሹ አገልግሎት ነው። ከዚያ መዝገቡ ውስጥ በስም ሳይሆን ከዚህ ግልባጭ እኩል የሆነውን ወይም የሚበልጠውን ሁሉ ትፈልጋላችሁ። «ሆቴል» የሚል ቃል ጽፎ ከመፈለግ ጋር አወዳድሩት። አንደኛው በስም ይፈልጋል፤ ሁለተኛው በጠባይ።

«የሚበልጠው» ማለት ምን ማለት ነው? ባርባራ ሊስኮቭና ጃኔት ዊንግ በ1994 ለፕሮግራም ዕቃዎች ተመሳሳይ ጥያቄ ጠይቀው ነበር፦ አንዱን በሌላው ብተካው ማንም ሳይጎዳ መቀጠል የሚቻለው መቼ ነው? ለውሎች መልሱ ሁለት መልክ አለው። በራሱ ውሳኔ ደንበኛውን የሚያስገርምበት አጋጣሚ ያነሰ አገልግሎት ይሻላል፦ «ጊዜው አልፏል» የማይል የወንበር አገልግሎት «ጊዜው አልፏል» የሚለውን ያለ ስጋት ይተካል። ለደንበኛው የሚያቀርበው ምርጫ የበዛ አገልግሎትም ይሻላል፦ ሻይና ቡና የሚሸጥ ቤት ሻይ ብቻ የሚሸጠውን ይተካል።

ሦስተኛው ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ነው፤ ምርጫ መብዛቱ ሁሌ ጥሩ ነው? አንድ ደንበኛ ፕሮግራም አስቡ፦ «የቅናሽ ኩፖን የሚቀበል ከሆነ ኩፖን እልካለሁ፤ አለዚያ ሙሉ ዋጋ እከፍላለሁ» ይላል። የድሮው አገልግሎት ኩፖን አይቀበልም ነበርና ሁሌም በሁለተኛው መንገድ ይሄዳል፤ በሰላም ይጨርሳል። አዲሱ አገልግሎት ኩፖን መቀበል ጀመረ። ደንበኛው ደስ ብሎት ሄዶበት በማያውቀው መንገድ ይገባል፤ እዚያ ደግሞ ጽሑፉ ያላለቀ ነው፤ ጠፍቶ ይቀራል። አገልግሎቱ ተሻሻለ፣ ደንበኛው ወደቀ። ስልካችሁ ላይ አንድ መተግበሪያ ከዝመና በኋላ አልሠራ ብሎ አያውቅም?

የካስታኛና ባልደረቦቹ መፍትሔ ማጣሪያ ነው። በሁለቱ መካከል ትንሽ ፕሮግራም ይቆማል፤ ደንበኛው የማያውቀውን በር ይዘጋበታል፣ የሚያውቀውን ያሳልፋል። ማጣሪያውን ሰው አይጽፈውም፤ ከሁለቱ ውሎች በስሌት ይወጣል። በዚያው በ2008 ፓዶቫኒ አንድ እርምጃ ቀጠለና መልእክቶችን ለጊዜው ይዞ ቆይቶ በሚመች ጊዜ የሚያሳልፍ አገናኝ እንዴት ከውሎች እንደሚወጣ አሳየ። ቲኬት ቀድሞ የሚቆረጥበት ካፌ ውስጥ ከጎናችሁ ቆሞ ወጉን የሚያስታርቅላችሁ ሰው በሉት።

ሁለት ተናጋሪዎች ብቻ ካልሆኑስ? የእኔ ትኬት ሦስት ወገን ነበረው፦ መተግበሪያው፣ ወንበሩ፣ ክፍያው። በዚያው የ2008 ጉባኤ ላይ ኮሄይ ሆንዳ፣ ኖቡኮ ዮሺዳና ማርኮ ካርቦኔ ሌላ መንገድ አቀረቡ። ቲያትር አስቡ። መጀመሪያ ሙሉው ጽሑፍ ይጻፋል፤ ማን ለማን መቼ ምን እንደሚል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ተዋናይ የራሱ ድርሻ ተቀንሶ ይሰጠዋል። እያንዳንዱ ድርሻውን ብቻ ከጠበቀ፣ በዚያ ንግግር ውስጥ ማንም ማንንም እየጠበቀ አይቆላለፍም።

ውል የማይሸፍነው

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ይህ ሁሉ ተዓምር አይደለም። የጠባይ ውል ቅደም ተከተሉን ይጠብቃል እንጂ እውነቱን አይጠብቅም። አገልግሎቱ በትክክለኛው ሰዓት፣ በትክክለኛው ተራ የተሳሳተ ዋጋ ሊነግራችሁ ይችላል። ውሉን የጻፈው ሰው ራሱ ከዋሸ ወይም ከረሳም ሒሳቡ አያድናችሁም። ለአሪያን 5 ቁጥር የሆርና የሜየር ዓይነት ውል ያስፈልግ ነበር፤ ለመልእክቱ ደግሞ የጠባይ ውል። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ደግሞም «አይግባቡም» መባሉ ሥራውን አይጨርስላችሁም። የእኛ ፕሮግራም «ጊዜው አልፏል» ሲባል ምን ያድርግ? ገንዘቡን ይመልስ? ሌላ ወንበር ይፈልግ? ይህን የሚወስነው ሰው ነው። የውሉ ጥቅም ጥያቄውን መናኸሪያ ከቆመው መንገደኛ ላይ አንሥቶ፣ በጊዜ፣ ፕሮግራመሩ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጡ ነው። ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ያልተጻፈ ውል ዕዳው አይጠፋም፤ የሚከፍለው ግን ስለ ውሉ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ይሆናል።

ዛሬ ያ የድሮው መዝገብ የለም፤ አገልግሎቶቹ ግን ከምንጊዜውም በላይ በዝተዋል። በስልካችሁ ገንዘብ ስትልኩ፣ ትኬት ስትቆርጡ፣ ካርታ ስትከፍቱ ከጀርባ ብዙ አገልግሎቶች ይነጋገራሉ። ብዙዎቹ የሚገለጹበት ኦፕን ኤፒአይ የተባለው መግለጫ እንደ ዊዝደል ሁሉ በዋናነት የሚናገረው ስለ ስምና ስለ ቅርጽ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ብዙውን ጊዜ ሰው ብቻ በሚያነበው ጽሑፍ ውስጥ ይቀራል። በ2024 ግን የዚሁ መግለጫ ባለቤቶች ጥሪዎች በምን ቅደም ተከተል እንደሚሄዱ የሚጻፍበት አራዞ የተባለ አዲስ መግለጫ አወጡ። አራዞ በጣልያንኛ በክር ተሸምኖ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጥልፍ መሰል ጨርቅ ማለት ነው።

ይህን ስሰማ የራሳችን ቃል ትዝ አለኝ። በአማርኛ ውል ማለት ስምምነት ብቻ አይደለም፤ የልቃቂት ክር ጫፍም ውል ይባላል። አያቶቻችን ክሩ ሲተበተብባቸው «ውሉ ጠፋ» ይላሉ፤ ውሉ ከተገኘ ደግሞ ልቃቂቱ በሙሉ ይፈታል። እናንተም አንድ ቀን ሁለት ፕሮግራሞችን ስታገናኙ፣ ከመሞከራችሁ በፊት አንድ ወረቀት አውጡና ጻፉ፦ ቀድሞ የሚናገረው ማን ነው? ምርጫው የማን ነው? እሱ ሊል የሚችለውን ሁሉ ለመስማት ተዘጋጅቻለሁ? እኛ ያኔ እነዚህን ሦስት መስመሮች ብንጽፍ ኖሮ፣ ያቺ ክብ እስካሁን አትሽከረከርብኝም ነበር።